ትዊጊ፦ አንድ መልክ እንዴት ይሠራል?

«መልክ ከፈጣሪ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ዓይኑንና አፍንጫውን መርጦ የተወለደ ሰው የለም። ነገር ግን በየመጽሔቱ ሽፋን፣ በየሱቁ መስተዋትና በየእጅ ስልኩ ላይ የምናየው «የዘመኑ መልክ» የሚባለው ነገር ከፈጣሪ ብቻ የመጣ አይደለም። እንደ ጫማና እንደ ሳሙና የሚሠራ፣ ዋጋ የሚወጣለት፣ በገበያ የሚሸጥ፣ ጊዜው ሲያልፍም የሚጣል ዕቃ ነው። ይህን በጥቅሉ ከመናገር ይልቅ አንድ የታወቀ ምሳሌ ይዞ ከሥሩ መመርመር የተሻለ ሆኖ ስላገኘነው፣ በ1966 በለንደን ከተማ ስሟ በድንገት ስለ ተነሣው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስለ ትዊጊ ለመጻፍ አሰብን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የተማሪዎች መጽሔት ስለ ልብስ ማሳያ ልጃገረድ ምን አገባው?» ይሉን ይሆናል። ሰው ምን እንደሚበላና ከየት አግኝቶ እንደሚበላ የሚመረምር ተማሪ፣ ሰው ምን እንደሚለብስና ስለ ምን እንደሚለብሰውም ሊመረምር ይገባዋል የሚል ነው መልሳችን። ከዚህም በላይ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በልብስ ትርዒት ምክንያት ተማሪዎች የታሰሩበትና ትምህርት የተዘጋበት ጊዜ ነበርና ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ወደ እሱ በቦታው እንመለሳለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን አቆጣጠር ስንጠቅስ «ዓ.ም.» ብለን እንለያለን።

ልጅቱ

የትዊጊ እውነተኛ ስም ሌዝሊ ሆርንቢ ነው። የተወለደችው በሴፕቴምበር 19 ቀን 1949 በሰሜን ለንደን፣ ኒዝደን በሚባለው ሰፈር ነው። አባቷ አናጢ ነበር። እናቷ ስፌት ስላስተማረቻት ልጅቱ ገና ከልጅነቷ መርፌና ክር ለምዳ፣ ከፍ ስትል ከልብሷ ብዙውን በራሷ እጅ ትሰፋ ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ ይጠቅመናል።

በዚያን ጊዜ በለንደን ወጣቶች መካከል «ሞድ» የሚባሉ ነበሩ። እኛ «ሞድ» ስንል ፋሽኑን ማለታችን ነው፤ እዚያ ግን ስሙ የተሰጠው ለወጣቶቹ ራሳቸው ነው። ሞዶች ልብሳቸውን በልክ የሚያሰፉ፣ በቬስፓ የሚሄዱ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ የሚወዱ፣ ብዙዎቹም የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ሌዝሊም ከእነሱ አንዷ ነበረች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ68 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ክብደቷ ግን 41 ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። እግሮቿ ረዣዥምና ቀጫጭን ስለ ነበሩ «ትዊጊ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላት። ትዊግ በእንግሊዝኛ ቀጭን የዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ በእኛ አነጋገር «ጭራሮ» እንደ ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ቢሆን ይህ ስም ልጅቱን የሚያስለቅስ ስድብ ይሆን ነበር። እዚያ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ የንግድ ምልክት ሆነ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በፀጉር ቤት ትሠራ በነበረበት ጊዜ በዕድሜ አሥር ዓመት ከሚበልጣት ከናይጅል ዴቪስ ጋር ተዋወቀች። ይህ ሰው ቀደም ሲል ቡጢ የተጋጠመ፣ ፀጉር ሠሪም ሆኖ የሠራ ነበር። ኋላም ስሙን ለውጦ «ጀስቲን ደ ቪልነቭ» የሚል የፈረንሳይ መኳንንት የሚመስል ስም ያዘ። ለልጅቱ ወዳጇም ሥራ አስኪያጇም ሆነ። እንግዲህ ከልጅቱ በፊት የተሠራው የሥራ አስኪያጇ ስም ነው ማለት ይቻላል።

ፊቱ የተሠራበት ቀን

በ1966 መጀመሪያ ላይ ልጅቱ ሜይፌር በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ወዳለው ወደ ሌናርድ ፀጉር ቤት ሄደች። ሌናርድ በዚያን ሰሞን አንድ አዲስ አቆራረጥ የሚሞክርበት ራስ ይፈልግ ነበር። መቁረጡና ቀለም መቀባቱ ሰባት ሰዓት ያህል ፈጀ። ቀለሙን የቀባው ዳንኤል ጋልቪን ነበር። ሥራው ሲያልቅ ፀጉሯ እንደ ወንድ ልጅ ፀጉር አጥሮ፣ ወደ ጎን ተከፍሎ፣ ወርቃማ ሆኖ ከራሷ ጋር ተለጠፈ። ባሪ ላቴጋን የሚባለው ፎቶግራፍ አንሺ ሥዕሏን አነሣ፤ ሌናርድም ፎቶግራፉን በፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰቀለው። ዲየርድሬ ማክሻሪ የተባለችው የ«ዴይሊ ኤክስፕሬስ» ጋዜጣ የፋሽን ጸሐፊ ፎቶግራፉን አይታ ልጅቱን አስፈለገቻት። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1966 ጋዜጣው ልጅቱን «የ1966 ፊት» ብሎ አወጣት።

እንግዲህ እንቁጠር። ሥራ አስኪያጁ፣ ፀጉር ቆራጩ፣ ቀለም ቀቢው፣ ፎቶግራፍ አንሺው፣ ጋዜጠኛዋ፣ ማተሚያ ቤቱ፤ ይህ ሁሉ እጅ ገብቶበት ነው አንድ ፊት የወጣው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ያ ፊት በኒዝደን ተወስኖ በቀረ ነበር። የዓይኑ ሥራ ግን የልጅቱ የራሷ ነው። ከላይ ሦስት ድርብ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ትለጥፍና፣ ከታች ደግሞ በቀጭን ብሩሽ አንድ ባንድ የሽፋሽፍት መስመር በቆዳዋ ላይ ትሥል ነበር። አሳቡን ያገኘችው ከአሻንጉሊት ነው። ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስድ ነበር። ኩል ለአገራችን ሴቶች እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን የእኛ ኩል ዓይንን ለማድመቅ ሲሆን የእሷ አሣሣል ዓይንን ከመጠን በላይ አስፍቶ ፊትን የሕፃን ለማስመሰል ነው።

ይህ አሣሣል የተወደደበት አንዱ ምክንያት በኅትመት ሥራ ውስጥ ይገኛል ብለን እንገምታለን። የዚያን ጊዜ ዕለታዊ ጋዜጣ በርካሽ ወረቀት ላይ በጥቁርና በነጭ የሚታተም ነበር። በዚህ ዓይነት ኅትመት ላይ የቆዳ ጥራትና የልብስ ጥበብ ይጠፋል፤ ጎልቶ የሚቀረው በነጭ ፊት ላይ ያለ ትልቅ ጥቁር ዓይን ነው። ጽሑፋችንን በማባዣ መኪና ለምናወጣ ለእኛ ይህ ቶሎ ይገባናል። ትዊጊ በአምስት እርምጃ ርቀት በጋዜጣ ሻጭ እጅ ላይ ብትታይ እንኳ የምትለይ ነበረች።

ስለ ምን በዚያን ጊዜ?

አንድ ነገር በአንድ ዘመን ብቻ የሚበቅለው መሬቱ ስለ ተዘጋጀለት ነው። ትዊጊ ከሃያ ዓመት በፊት ብትወለድ ኖሮ ማንም ዘወር ብሎ ባላያት ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ በ1947 ክርስቲያን ዲዮር በፓሪስ ያወጣው ልብስ ወገቡ የጠበበ፣ ጉርዱ የሰፋና እስከ ባት የወረደ፣ ብዙ ሜትር ጨርቅ የሚበላ ነበር። የዚያ ዘመን ልብስ ማሳያ ሴቶችም በአቋማቸው ባለጸጋ እመቤት የሚመስሉ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ግን ልብስ እስከ 1949፣ ምግብም እስከ 1954 በራሽን ይታደል ስለ ነበር ተራው ሕዝብ የዲዮርን ልብስ በሥዕል ነው የሚያየው። በጦርነቱ ማብቂያና ከዚያ በኋላ የተወለዱት ብዙ ልጆች በ1960ዎቹ ለአቅመ ሥራ ደረሱ። ሥራ እንደ ልብ ይገኝ ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ትታ በሱቅ ወይም በጽሕፈት ቤት ተቀጥራ፣ ከወላጆቿ ቤት እየኖረች፣ ደመወዟን እንደ ፈቀደች የምታወጣበት ዘመን መጣ። ነጋዴ ይህን ገንዘብ አይቶ ዝም አይልም። እስከዚያ ድረስ ልጃገረድ የእናቷን ልብስ በትንሹ ትለብስ ነበር፤ አሁን ግን እናትየዋ የልጇን ልብስ ለመልበስ ተመኘች።

ሜሪ ኳንት ባለቤቷ ከሚሆነው ሰውና ከአንድ ባልንጀራቸው ጋር በ1955 በለንደን ቼልሲ ሰፈር «ባዛር» የተባለ ሱቅ ከፈተች። ከጉልበት በላይ የሚውለውን አጭር ጉርድ «ሚኒ» ብላ የጠራችውም በምትወደው በትንሿ መኪና በሚኒ ስም ነው። በፓሪስ ደግሞ አንድሬ ኩሬዥ በዚያው ጊዜ አጭር ቀሚስ ያወጣ ነበር። ማን እንደ ቀደመ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። ኳንት ራሷ ግን አጭሩን ጉርድ የፈጠሩት በመንገድ ላይ የሚሄዱት ልጃገረዶች ናቸው ትል ነበር።

ከትዊጊ በፊት መንገዱን የጠረገች ጂን ሽሪምፕተን የምትባል ሌላ ልጅ ነበረች። ዴቪድ ቤይሊ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ዓይኑም ልቡም በእሷ ላይ ነበር። ሥዕል ሠሪ ወይም ባለቅኔ አሳቡን የምታነሣሣለትን ሴት «ሙዝ» ብለው ይጠሯታል፤ እሷም ለቤይሊ እንደዚያ ነበረች። ቤይሊና ባልንጀሮቹ ቴረንስ ዶነቫንና ብራያን ዳፊ ከምሥራቅ ለንደን የድኻ ሰፈር የወጡ ስለ ነበሩ የመኳንንት አቋም ፎቶግራፍ ማንሣት አልፈለጉም፤ በመንገድ ላይ የምትሮጥ፣ የምትስቅ፣ እግሯን የምታነሣ ልጅ ፈለጉ። በኦክቶበር 1965 ሽሪምፕተን በአውስትራሊያ በሜልቦርን የፈረስ እሽቅድምድም ላይ ከጉልበቷ በላይ በሆነ ነጭ ቀሚስ፣ ያለ ባርኔጣ፣ ያለ ጓንትና ያለ ረዥም ካልሲ ብትታይ የአገሩ ጋዜጣ ሁሉ ስለ እሷ ጻፈ። ዛሬ ያን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ጩኸቱ ስለ ምን እንደ ነበር ይቸግረዋል፤ ቀሚሱ ከጉልበቷ የራቀው ጥቂት ጣት ብቻ ነው።

ሁለት ትንንሽ ምክንያቶች እንጨምር፤ ትንሽ ነገር ታሪክን ሲያንቀሳቅስ ማየት ይጠቅማልና። አንደኛው ቀረጥ ነው። በእንግሊዝ የሕፃናት ልብስ ከሽያጭ ቀረጥ ነጻ ነበር፤ ቀሚሱ የልጅ መሆኑ የሚታወቀውም በርዝመቱ ነበርና አጭር ቀሚስ በዋጋ ረከሰ። ሁለተኛው ካልሲ ነው። ረዥሙ የናይለን ካልሲ በመያዣ ከጭን ላይ የሚታሰር ስለ ነበር ጉርዱ ሲያጥር መያዣው መታየት ጀመረ። ከወገብ እስከ እግር ጣት አንድ ወጥ የሆነው ካልሲ በፋብሪካ ባይሠራ ኖሮ አጭሩ ጉርድ በብርድ አገር ብዙ ባልቆየ ነበር።

ልብሱና አካሉ

አሁን የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ ወደ ሆነው እንደርሳለን።

የዲዮር ዘመን ልብስ ቅርጹን የሚይዘው በራሱ ነው። ወገቡ በስፌት ይጠብባል፣ በውስጥ መቀነት ይታሰራል፣ ዳሌው በጨርቅ ብዛት ይነፋል። የለበሰችው ሴት ትወፍርም ትክሳም፣ ብልህ ልብስ ሰፊ ካገኘች መልኳን ልብሱ ይሠራላታል። የ1960ዎቹ ቀሚስ ግን ከትከሻ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ስፌቱ ጥቂት፣ ጨርቁ ትንሽ የሆነ ነው። ለፋብሪካ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጨርቁን ደራርቦ በአንድ ጊዜ ብዙ ቀሚስ መቁረጥ፣ ብዙ ጥበብ በማይጠይቅ ስፌት መገጣጠም፣ በርካሽ መሸጥ ይቻላል። ወጣቷም በሳምንት ደመወዟ ትገዛዋለች፤ ለብሳው መሮጥ፣ አውቶቡስ መሳፈር፣ መጨፈር ትችላለች። መቀነቱ ተፈታ፤ እግር ነጻ ወጣ። ይህን ነጻነት ማናናቅ አይገባም።

ነገር ግን ቀጥ ያለ ቀሚስ የሚያምረው ቀጥ ባለ አካል ላይ ነው። ልብሱ ቅርጽ መስጠቱን ሲተው፣ ቅርጹን እንድታመጣ አካሏ ተጠየቀ። ዱሮ ወገብን የሚያጠበው መቀነት ነበር፤ ማታ ሲፈታ ሴትዮዋ ትተነፍስ ነበር። አሁን መቀነቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ረኃብ ሆነ፤ ረኃብ ደግሞ ማታ ተፈትቶ አይሰቀልም። የትዊጊ መልክ ይህን ለውጥ በአንድ ፎቶግራፍ አጠቃሎ የያዘ ስለ ሆነ ነው ዘመን የተሰየመበት።

ለልጅቱ ፍትሕ መስጠት ያስፈልጋል። ትዊጊ ራሷን አስርባ እንዳልከሳች፣ እንደ ማንኛውም ልጅ እንደምትበላና አፈጣጠሯ እንደዚያ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ተናግራለች፤ የማናምንበት ምክንያት የለም። ሐኪሞች ክብደትን በኪሎ ወስደው፣ ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝተው ያካፍሉታል። ለዐዋቂ ሰው ውጤቱ ከ18.5 በታች ሲሆን ክብደቱ አነሰ ይላሉ። የትዊጊ 14.5 ገደማ ይመጣል። ገና በማደግ ላይ ለነበረች ልጅ ይህ መለኪያ እንደ ዐዋቂ በቀጥታ አይሠራም። ጉዳቱ ያለው ይህን አካል ለሰላሳ ዓመት ሴት እንደ ልክ ማቅረቡ ላይ ነው። በእሷ ቁመት ያለች ዐዋቂ ሴት 18.5 ለመድረስ 52 ኪሎ ያህል ያስፈልጋታል። እንግዲህ በመጽሔት ሽፋን ላይ የታየው ልክና ሐኪም የሚፈቅደው ልክ 11 ኪሎ ተራራቁ። ይህን ርቀት ለመሙላት ስንት ልጃገረድ ምሳዋን እንደ ተወች ማን ይቆጥረዋል?

ነገሩ ከጊዜ በኋላ በሕግ እስከ መታየት ደርሷል። በእስራኤል ከ2013 ጀምሮ ለማስታወቂያ የምትቀርብ ሞዴል ከ18.5 በታች አለመሆኗን የሐኪም ማስረጃ እንድታቀርብ ተደንግጓል። ፈረንሳይም በ2017 ለሞዴሎች የጤና ማስረጃ አስገድዳለች፤ አካልን ለማቅጠን ወይም ለማወፈር የተነካካ ፎቶግራፍ ለማስታወቂያ ሲወጣም መነካካቱ እንዲጻፍበት አዛለች።

ማን አተረፈ? ማንስ ከበሩ ቀረ?

ስሟ ከወጣ በኋላ በትዊጊ ስም ቀሚስ ተሸጠ፣ ካልሲ ተሸጠ፣ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ተሸጠ። በማርች 1967 ኒው ዮርክ ስትደርስ የጋዜጠኛ ሠራዊት ተቀበላት፤ ሪቻርድ አቬዶንን የመሰሉ ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺዎች ተሻሙባት። በዚያው ዓመት የአሜሪካው የአሻንጉሊት ኩባንያ ማቴል በእሷ አምሳል አሻንጉሊት ሠርቶ ለገበያ አወጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እናቁም። ልጅቱ ዓይኗን የሣለችው አሻንጉሊት አይታ ነው፤ ኋላ ግን አሻንጉሊት ሠሪው ልጅቱን አይቶ አሻንጉሊት ሠራ። ሰውና ዕቃ በአንድ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጡ ይህን ይመስላል።

ከዚህ ገበያ በር የቀሩም ነበሩ። ትዊጊ «የ1966 ፊት» በተባለች በሚቀጥለው ወር፣ በማርች 1966፣ በእንግሊዙ «ቮግ» መጽሔት ሽፋን ላይ ዶንያል ሉና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ወጣች። በዚያ መጽሔት ሽፋን ላይ ጥቁር ሞዴል ስትታይ የመጀመሪያዋ ናት። ፎቶግራፉን ያነሣው ከላይ የጠቀስነው ቤይሊ ነው። በሥዕሉ ላይ ሉና በጣቶቿ ፊቷን ከፊል ሸፍና በአንድ ዓይኗ ትመለከታለች። ሉና በዲትሮይት ከተማ ተወልዳ በ1979 በሮም በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ሞተች። ሁለቱም ልጆች ቀጫጭን፣ ሁለቱም ዓይነ ትልልቅ፣ ሁለቱም አዲስ ነበሩ። ነገር ግን የዘመኑ ፊት ተብሎ የተሰየመው የአንደኛዋ ነው፤ የሌላዋ ስም ለብዙ ዓመት ተረስቶ ቆየ። «የዘመኑ መልክ» ሲባል የማን ዘመን፣ የማንስ መልክ ብሎ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

የእኛው ግቢ ነገር

አጭሩ ጉርድ በለንደንና በኒው ዮርክ ብቻ አልቀረም። ትዊጊ በኦክቶበር 1967 ጃፓንን ስትጎበኝ የቶክዮ ልጃገረዶች ሚኒ ለብሰው ጠበቋት። አዲስ አበባም ደረሰ። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ትርዒት ተዘጋጀ። ተማሪዎች ተቃውመው ተሰለፉ። ክርክራቸውም ገበሬው ራቁቱን በሚሄድበት አገር የውጭ አገር ፋሽን ማሳየት የባህል ወረራ ነው የሚል ነበር። ወደ ትርዒቱ የመጡ እንግዶች ተሰደቡ፣ ተገፈታተሩም። ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ይህ ሰልፍ በኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚጠራ ነው።

ታላላቆቻችን ያነሡት ጥያቄ ትክክለኛ ነበር ብለን እናምናለን። ጨርቁ ከየት መጣ? ትርፉ ወዴት ሄደ? የአገሩ ሸማኔ ምን አገኘ? እነዚህ ዛሬም መልስ የሚሹ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ቁጣው ያረፈው በፋብሪካው ወይም በአስመጪው ላይ አልነበረም። ያረፈው በአዳራሹ በር ላይ በተገኘው ሰው፣ ይልቁንም ቀሚስ በለበሰችው ሴት ላይ ነው። የወንዱ ተማሪ ሱፍ ልብስና ክራባትም ከውጭ የመጣ ነበር፤ በሱፉ ምክንያት የተሰደበ ወንድ ግን አልሰማንም።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። ታንዛኒያ ከ1969 ጀምሮ ሚኒን ከለከለች፤ ወጣቶች በመንገድ ላይ ልጃገረዶችን እያስቆሙ ጉርድ ይለኩ ነበር። በማላዊ በ1973 የወጣው ሕግ ሴት ጉልበቷ ሳይሸፈን ወይም ሱሪ ለብሳ እንዳትታይ አዘዘ፤ ክልከላው የተነሣው በ1990ዎቹ ነው። የለንደኑ ነጋዴ ለሴቲቱ «ይህን ካልለበስሽ አላማርሽም» አላት፤ የአገሯ ባለ ሥልጣን ደግሞ «ይህን ከለበስሽ አልጨመትሽም» አላት። ሁለቱ ጠላቶች ይመስላሉ፤ ግን እሷን ሳይጠይቁ ስለ አካሏ በመወሰን አንድ ናቸው።

ልጅቱ ኋላ ምን ሆነች?

የተሠራ ዕቃ ፋሽኑ ሲያልፍ ይጣላል ብለናል። ትዊጊ ግን ሳትጣል ራሷ ወጣች። በ1970፣ ገና ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላት፣ የሞዴልነቱን ሥራ ተወች። በ1971 ኬን ራስል ባዘጋጀው «ዘ ቦይ ፍሬንድ» በተባለው ፊልም ላይ ዘፈነች፣ ጨፈረች፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሁለት የጎልደን ግሎብ ሽልማት ተቀበለች። ከጀስቲን ደ ቪልነቭ ጋር የነበራት የሥራ ማኅበር በ1973 አበቃ። በ1983 በኒው ዮርክ ብሮድዌይ «ማይ ዋን ኤንድ ኦንሊ» በተባለው የሙዚቃ ቴያትር ዋና ተዋናይ ሆና ሠራች፤ ለቶኒ ሽልማትም ታጨች። በ2005፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜዋ፣ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ለተባለው መደብር ማስታወቂያ እንደገና ሞዴል ሆነች፤ በ2012ም ለዚያው መደብር በስሟ የልብስ ዓይነት አወጣች። በ2019 ከእንግሊዝ መንግሥት «ዴም» የሚለውን ማዕርግ ተቀበለች።

ከላይ አንባቢ እንዲያስታውስ የለመንነው ነጥብ እዚህ ይመጣል። ልጅቱ ከመጀመሪያውም መስፋት ታውቅ ነበር፤ የራሷንም ዓይን ራሷ ትሥል ነበር። ከፊቷ ሌላ የእጅ ሥራና ለመማር ፈቃድ ስለ ነበራት ፊቷ ፋሽን መሆኑ ሲያበቃ እሷ አላበቃችም። በዚያው ዘመን ፊታቸው ብቻ ተወስዶ የተጣሉት ብዙዎች ነበሩ።

የአገራችንን ልጅ ሊያ ከበደንም ብናነሣ ከነገሩ አንወጣም። በ2003 ኤስቴ ላውደር ለተባለው የመዋቢያ ኩባንያ የመጀመሪያዋ ጥቁር ወኪል ሞዴል ሆነች፤ በ2005 በዓለም የጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ጤና በጎ ፈቃድ አምባሳደር ተባለች። በ2007 ደግሞ የኢትዮጵያ ሸማኔዎች በእጅ የሚሠሩትን የጥጥ ልብስ ለዓለም ገበያ የሚያቀርብ «ለምለም» የተባለ ድርጅት አቋቋመች። በ1960 ዓ.ም. ሰልፈኞች «የአገሩ ሸማኔስ?» ብለው ላነሡት ጥያቄ ይህ ሙሉ መልስ ነው አንልም። መልስ መፈለግ ግን ከሰልፍ ሌላ መንገድም እንዳለው ያሳያል።

ማጠቃለያ

በአገራችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «ወፍረሻል» ማለት ምስጋና፣ «ከሳሽ» ማለት ደግሞ ኀዘኔታ ነበር፤ በብዙ ቤት ዛሬም እንደዚሁ ነው። በእኛ መኝታ ቤቶች ግን ነገሩ ተገልብጦ እናያለን። ቁርሷን ትታ፣ ምሳዋን ከፍላ ጥላ፣ ፈተና ክፍል ውስጥ ዓይኗ የሚጨልምባት እኅት አለችን። ልብሱ አይግዘፍብኝ ብላ እንጂ በጾም ምክንያት አይደለም። ወንድሞቻችንም ቢሆኑ በደረትና በክንድ ልክ ተይዘው ያልታወቀ መድኃኒትና ዱቄት ይቀምሳሉ። ሁሉም ይህን መልክ ራሳቸው የመረጡት ይመስላቸዋል።

ስለዚህ አንድ መልክ «የዘመኑ ነው» ተብሎ ሲቀርብልን ልንጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። ማን ሠራው? ማን ያተርፍበታል? ሒሳቡንስ ማን በአካሉ ይከፍላል? እነዚህን ጠይቆ ከዚያ በኋላ አጭር ጉርድ የምትለብስ ትልበስ፤ ነጠላ የምታጣፋም ታጣፋ፤ ፀጉሯን የምትቆርጥ ትቁረጥ። የመረጠችው እሷ እስከ ሆነች ድረስ በበሩ ላይ ቆመን የምንለካላት ጉርድ የለም። እኛ ልንለካው የሚገባው ትርፉንና ጉዳቱን ነው፤ እሱ ደግሞ በሜትር አይለካም፤ ማንበብና ማሰብ ይጠይቃል።